ሩጫ ላይስ?

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከመከፈቱ በፊት ቃሊቲ ያለን መካኒኮች ረጅም ሩጫ ላይ የሞተር ብሮንዝ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ስስ የብረት ቅርፊት፣ የሚበላበትን በሽታ እምብዛም አናውቀውም ነበር። በድሮው መንገድ ከፊት የጭነት መኪና፣ ከጎን ጋሪ ስለማይጠፋ ሞተር ለረጅም ጊዜ የሚሮጥበት ዕድል አልነበረውም። ሚኒባሶች ከቱሉ ዲምቱ ተነሥተው አዳማ እስኪደርሱ ነዳጅ ረግጠው መሄድ ሲጀምሩ ግን ብሮንዙን የበላ ሞተር እየተጎተተ ይመጣልን ጀመር።

ከእነዚያ አንዱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መኪናው አምስት ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ሃይሩፍ ሚኒባስ ነበር። ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ያፈስ ስለነበር አንድ ባልደረባዬ አውርዶ ማሸጊያ ሲሊኮን ቀብቶ መለሰው። ይህ ሰው ሲሊኮን ሲቀባ እንግዳ ለመጣበት ሽሮ ቅቤ እንደሚጨምር ነው፤ አይሰስትም። ከውጭ የተረፈውን በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ወደ ውስጥ የገባውን ማን ያየዋል?

ከሳምንት በኋላ ባለመኪናው ተመልሰው መጡ። ዱከምን አልፈው በ100 ሲነዱ የዘይት መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ፍጥነቱን ቀዝቀዝ ሲያደርጉት ይጠፋል። ሴንሰሩን ፈትቼ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰርኩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ከ1 ባር በላይ፣ 3,000 ዙር ሳደርሰው 4 ባር አሳየኝ። «ግፊቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው» ብዬ ሴንሰሩን ቀየርኩት።

«ሩጫ ላይስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚሁ አሩጬዋለሁ።»

«ግቢ ውስጥማ እኔም ጤነኛ ነኝ። ልቤ የሚመታው ዳገት ላይ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ነገር ግን የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዬ ገና አልደረቀም ነበርና ማስተማር ጀመርኩ። ክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ብሮንዙን አይነካም፤ ከጸጉር በቀጠነ ዘይት ላይ ይንሳፈፋል። የሚያንሳፍፈው ፓምፑ ሳይሆን የራሱ መሽከርከር ነው። ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1883 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ ኩሽኔቱ፣ ማለትም ዘንጉን ያቀፈው ብሮንዝ፣ አናት ላይ የበሳውን ቀዳዳ በቡሽ ቢደፍነው ዘይቱ ገፍትሮ አወጣው፤ በእንጨት ቢደፍነውም ያው ሆነ። እንግዲህ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ብሮንዙ ይበልጥ ይጠበቃል አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ኢንጂነር፣ ያ ሰውዬ አዳማ ሄዶ ያውቃል?»

ከፍለው ሄዱ። በአራተኛው ቀን ሞጆ ሳይደርሱ ቆመው በገመድ ተጎትተው መጡ።

ኮፓውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ቢዬላ፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ፣ ብሮንዝ መዳቡ እስኪታይ ተልጧል፤ ከሁለቱ አንዱማ መቀመጫው ውስጥ ዞሯል። የክራንክ ሻፍቱ ዋና ብሮንዞች ግን ያን ያህል አልተጎዱም። የቢዬላው ዘይት በእነርሱ በኩል አልፎ፣ በክራንክ ሻፍቱ ቀዳዳ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ነው የሚደርሰው። እንደ ቀበሌ የዘይት ሰልፍ ነው፤ መጨረሻ የቆመው ባዶ ጄሪካን ይዞ ይመለሳል።

የፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ላይ የሲሊኮን ቁርጥራጭ ተለጥፎ ነበር። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብኩት፤ የተቀቀለ ስፓጌቲ ይመስል ተለጥጦ መጣ። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሲሮጥ ፓምፑ አጥብቆ ስለሚስብ ወንፊቱ ይደፈናል፤ ሲቆም አብዛኛው ቁርጥራጭ ተላቆ ተመልሶ ዘይቱ ውስጥ ይተኛል። ግቢ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢለካ ምን ያሳያል? ታወርም ቢሆን አልተሳሳተም፤ የእርሱ ዘንግ ታችኛው ጎኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለነበር ዘይት አልተቋረጠበትም። ይህን ግን ለጋሼ ሳልነግራቸው ነበር ያለፍኩት።

ባልደረባዬ አጠገባችን ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «ዘይቱ ቀጥኖ ነው። ወፍራሙ 20 በ50 ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር» አላቸው። ስፓጌቲውን እጄ ላይ እያየ ነው እንዲህ የሚለው። አጭር ስለተናገረ ይሆን አላውቅም፣ ጋሼ እርሱን አመኑ። የሥራ ካርዱ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የእኔ ስለነበር የሬቲፊካው፣ ማለትም ሞተሩን አስልጦ የማደሱ፣ ወጪ ግማሹ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ረጅም ቱቦ ገዝቼ ጌጁን ዳሽቦርድ ላይ አስሬ፣ የተጠረጠረውን መኪና ሁሉ ከቱሉ ዲምቱ ዱከም ድረስ እያሮጥኩ እለካለሁ። የመንገድ ክፍያውን ደንበኛው አይከፍልልኝም፤ «ግቢ ውስጥ መለካት አትችልም?» ይለኛል።

ባልደረባዬ ዛሬ ገላን አካባቢ የራሱ ጋራዥ አለው። ባለፈው ሳምንት በደጁ ሳልፍ ያችን ሃይሩፍ አየኋት። ጋሼ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ፤ ኮፓዋ ወርዷል።