ብርቱካናማውን ኮን ስነካካ

አራት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም ግራፊክስ እንሠራለን። በወር አንዴ አንድ የታወቀ የሶፍትዌር ሎጎ እንመርጥና በየፊናችን እንደ አዲስ እንሠራዋለን። ጊዜው አንድ ሳምንት ነው። ሽልማት የለውም፤ የተሸነፈ ማኪያቶ ይጋብዛል። ባለፈው ወር ዕጣው ለቪኤልሲ ወጣ።

ሌላው ማጫወቻ እምቢ ያለውን ፊልም ከፍላሽ ላይ የሚከፍትልን ቪኤልሲ ነው። ሎጎው ግን የትራፊክ ኮን ነው። ኮንና ፊልም ምን አገናኛቸው? ሥራዬን የጀመርኩት ከዚህ ጥያቄ ነበር፤ ስህተቴም እዚያው ጀመረ።

ትርጉም ልሰጠው አሰብኩ። ኮኑን በጎኑ አጋደምኩት። ጫፉ ወደ ቀኝ ሲያይ ፊልም የምናስጀምርበትን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት መሰለ። በራሴ ተደነቅኩ። ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። ትንሽ አየና «አጎቴ፣ መኪና ገጨው እንዴ?» አለኝ።

ያኔ ነው ታሪኩን ያነበብኩት። ቀድሜ ላነበው ይገባ ነበር። ነገሩ በ1996 እንደ ፈረንጆቹ፣ ፓሪስ አጠገብ በነበረው ኤኮል ሳንትራል በተባለ የምህንድስና ትምህርት ቤት የተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ ተጀመረ። በግቢው ኔትወርክ ላይ ቪዲዮ ለማስተላለፍ ነበር። በ2001 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ኮኑ የመጣው እዚያው ተማሪዎቹ ይሰበስቧቸው ከነበሩ የመንገድ ኮኖች ነው። የቤት ቀልድ ነው በቃ። እኔ ለቀልድ ትርጉም ስፈልግ ሦስት ቀን አቃጠልኩ። ኮኑን አነሳሁና አቆምኩት።

ቀጥሎ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ በ512 ፒክስል ሠራሁት፤ ፒክስል ማለት ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሿ ካሬ ነጥብ ናት። ጥላ፣ የብርሃን ነጸብራቅ፣ ምኑ ቅጡ። ያምራል። ለትንሿ አይኮን ወደ 16 ፒክስል ሳወርደው ግን ካሮት ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። በትልቁ ላይ የነጩ መስመር ውፍረት 40 ፒክስል ነበር። ለ32 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ሩብ ፒክስል ደግሞ የለም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ትርፉን ከብርቱካኑ ጋር ያቦካዋል፤ ነጭም ብርቱካንማም ያልሆነ ነገር ይወጣል።

መፍትሔው ትንሹን ለብቻው፣ ካሬ በካሬ መሣል ነው። ነጭ መስመሩን አንድ ብቻ አስቀርቼ ድፍን 2 ፒክስል ሰጠሁት። መቀመጫውን 14 አደረግኩ። ጫፉን ግን 3 አድርጌው ኮኑ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ። ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ሁሉ ጠረግኩ። አይደለም፤ 16 ላይ ጎዶሎ ቁጥር መሃል አይገባም። 2 ሳደርገው ቀጥ አለ። አሁን ሁልጊዜ ከ16ቱ ነው የምጀምረው። ቀይም ሞክሬ ነበር፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ስለጠፋብኝ ተውኩት።

አንዱ ጓደኛችን ነጮቹን መስመሮች የቀሚስ ጥለት አደረጋቸው። በትልቁ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፤ በትንሹ ጥለቱ የለም። ሌላው የገና ባርኔጣ ደፋበት። ይሄ እንኳ አዲስ አይደለም፤ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ኮኑን ባርኔጣ ያስደፋዋል። የእኛ ገና ሲደርስ ግን አውልቆታል።

ኮዱ ክፍት ቢሆንም ኮኑ ቪኤልሲን የሚያወጣው ድርጅት፣ የቪዲዮላን፣ የንግድ ምልክት ነው። ስለዚህ የሠራነው ሁሉ ከመካከላችን አይወጣም።

አራተኛዋ ምንም የሠራች አትመስልም ነበር። ጥላውን ቀንሳ መቀመጫውን ትንሽ አወፈረችው። ከዋናው ጋር በ16 ፒክስል ጎን ለጎን አስቀመጠችና «የኔ የቱ ነው?» አለችኝ። እርግጠኛ ሆኜ ዋናውን ጠቆምኩ። ማኪያቶውን ከፈልኩ።