ሳሞስ ላይ በካርታና በእርሳስ

የግሪኳ ሳሞስ ደሴት፣ ቫቲ ወደብ። የታክሲ ሹፌሩ እስከ ፒታጎሪዮ 35 ዩሮ አለኝ። እኔ ደግሞ ዋጋ ሳልከራከር ታክሲ ውስጥ የምገባ ሰው አይደለሁም። ካርታዬን ኮፈኑ ላይ ዘረጋሁት። በየ1 ኪሎ ሜትሩ በካሬ የተከፈለ ነው።

ከወደቡ ወደ ምዕራብ 3 ካሬ፣ ወደ ደቡብ 7 ካሬ ቆጠርኩ። ሁለቱ 90 ዲግሪ ላይ ይገናኛሉ። እኔ የምፈልገው ደግሞ ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለውን ረጅሙን ጎን ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ የፓይታጎረስ ሕግ እንደሚለው፣ የሁለቱ አጭር ጎኖች ካሬ ሲደመር የረጅሙን ካሬ ይሰጣል። 3 በ3፣ 9። 7 በ7፣ 49። ሲደመር 58። ስኩዌር ሩቱ 7.6 ግድም።

«ስምንት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም» አልኩት።

«እሱ ለወፍ ነው» ብሎ ወደ ተራራው ጠቆመኝ። በ30 ተስማማን።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ከፍታንም ጨመርኩ። አንዱ ነጥብ ከሌላው 300 ሜትር ከፍ ቢል እንኳ ያው የፓይታጎረስ ሕግ በድጋሚ ይሠራል፤ 58 ላይ የ0.3ን ካሬ መደመር ነው። ልዩነቱ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 6 ሜትር! መንገዱን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደረገው ዳገቱ ሳይሆን ጥምዝምዙ ነው። ለሹፌሩ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ገና መውረጃዬ አልደረሰም።

የፒታጎሪዮ ሌሊት በሞተር ሳይክል ጩኸት አለቀ። ጠዋት ወደቡ ላይ የፓይታጎረስን ሐውልት አየሁ። ሰውየው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሦስት ማዕዘን አንድ ጎን ሆኗል። ባቢሎናውያን ሕጉን ከእሱ ከ1000 ዓመት በላይ ቀድመው ያውቁት እንደነበር የሚጠቅስ ግን የለም። ሰልፊው አያስጠጋም።

ልቤን የወሰደው ከከተማው በላይ ያለው፣ በመሐንዲሱ ስም የሚጠራው የኤውፓሊኖስ ዋሻ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ከተራራው ማዶ ያለውን ምንጭ ውኃ ወደ ከተማው ለማምጣት ተቆፈረ። 1036 ሜትር ነው። ሁለት ቡድኖች ከሁለቱም ጫፍ በመዶሻና በመሮ ጀምረው መሐል ላይ ተገናኙ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉ የመለኪያ ፊደላት ዛሬም ይታያሉ፤ በመካከላቸው 20.6 ሜትር ገደማ አለ።

አስጎብኚያችን ደግ ሰው ነች። ጥያቄዬ ሲበዛባት እርሳሴን ተቀብላ ካርታዬ ጀርባ ላይ ሣለችልኝ። ከዋሻው ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የሒሳብ ሊቁ የእስክንድርያው ሄሮን የጻፈው ዘዴ ነው። ከአንዱ አፍ ተነሥተህ ተራራውን ትዞራለህ፤ ስትታጠፍ ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ ብቻ። የምሥራቅ ምዕራቡን ርምጃ ለብቻ፣ የሰሜን ደቡቡን ለብቻ ትደምራለህ፤ ወደኋላ የሄድከውን ትቀንሳለህ። ሌላው አፍ ስትደርስ ሁለቱን አጭር ጎኖች አገኘህ ማለት ነው። አቅጣጫው ከእነሱ ይወጣል፤ ርዝመቱን ደግሞ ፓይታጎረስ ይሰጥሃል። በተራራው ውስጥ አሻግረህ ማየት አይጠበቅብህም።

ሁለቱ ቡድኖች የተገናኙበት ቦታ ዋሻው ጠመም ይላል። ኤውፓሊኖስ እንዳይተላለፉ ብሎ ሆን ብሎ ያጠመመው ነው አለችኝ። ቀጥታ ከሄዱ ጎን ለጎን ሊያልፉ ይችላሉ፤ አንዱ ከታጠፈ ግን የሌላውን መሥመር መቁረጡ አይቀርም። እዚያው ቆሜ ይህንንም ልሥለው ስል ከኋላ ያለው ቱሪስት ሄልሜቴን ኳ አደረገና «ይቀጥሉ እንጂ!» አለኝ።