ዋት ልጨምር ብዬ ኤችዲኤምአይ ያጣሁበት

ደሴ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ነው እንጀራዬ። ላፕቶፔ አርቲኤክስ 3060 የሚባል የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ አለው። ኤንቪዲያ ይህን የላፕቶፕ ካርድ ከ60 እስከ 115 ዋት ኃይል እንዲበላ ብሎ ነው ያወጣው፤ ዋቱ ሲጨምር ካርዱ ይፈጥናል። የኔን ግን አምራቹ 80 ላይ አስሮታል። ስሙ ያው፣ ቺፑም ያው። ሻጩ ራሙንና ስቶሬጁን ይዘረዝርልሃል፣ ዋቱን ትንፍሽ አይልም።

ከድራይቨሩ ጋር የሚመጣው ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ የተባለ ፕሮግራም ዴስክቶፕ ላይ ገደቡን ከፍ ያደርጋል፣ የኔ ላፕቶፕ ላይ እምቢ አለ። የካርዱን ባዮስ፣ ማለትም ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነውን ቺፕ ላይ የተጻፈ ሶፍትዌር፣ ከፍቶ ቁጥሩን መቀየርም አይሆንም፤ በዲጂታል ፊርማ ተቆልፏል። የቀረው ያው ካርድ ያለበትን የሌላ ላፕቶፕ ባዮስ መጫን ነው። ባለ 115 ዋት አገኘሁ። የራሴን ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ ካርዱን ከዲቫይስ ማኔጀር ዲሴብል አደረግኩ፣ ኤንቪፍላሽ በተባለ የካርድ ባዮስ መጫኛ ፕሮግራም ጫንኩት። መለያው አይገጥምም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ አልፎ መሄድ ይቻላል። መብራት ቢጠፋስ ብላችሁ አትስጉ፣ ባትሪ አለ።

ዋቱ ከፍ አለ። ኤችዲኤምአዩ፣ ቴሌቪዥን የምሰካበት ቀዳዳ፣ ግን ሞተ።

በብዙ ጌሚንግ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአዩ በቀጥታ ከግራፊክስ ካርዱ ነው የሚወጣው። የትኛው መስመር ወደየትኛው ቀዳዳ እንደሚሄድ የተጻፈው ባዮሱ ላይ ነው። የሰው ላፕቶፕ ባዮስ የሰውየውን መስመር ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ ሙሽሮቹን ቴሌቪዥን ላይ ነው የማሳያቸው። ሌላ ባለ 115 ዋት ብሞክር፣ ጭራሽ ካርዱ ከዲቫይስ ማኔጀር ጠፋ። ኤንቪፍላሽም አላየውም። ያልታየ ካርድ ላይ ኮፒውን መመለስ አይቻልም። እድሜ ለሃይብሪድ ሞድ፣ ስክሪኑን የሚያበራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ስለነበር ላፕቶፑ ይነሳል። ጌመሮች ሃይብሪዱን አጥፉት ይላሉ። ባዮስ ስትጭኑ እንዳትሰሟቸው።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። "አብሽር ወንድሜ፣ ባዮስ የዕለት ሥራችን ነው" አለኝ ልጁ። ላፕቶፑን ፈታና በቀጥታ ቺፕ ላይ የሚጽፈውን ሲኤች 341ኤ ፕሮግራመሩን አመጣ። የባዮሱ ቺፕ ስንት ቮልት ነው አልኩት። "ሁሉም ያው ነው።"

ያው አይደለም! እሱ የለመዳቸው የድሮ ላፕቶፖች ቺፕ 3.3 ቮልት ነው። የነዚህ ካርዶች ግን ብዙ ጊዜ 1.8 ነው፣ በ3.3 ከመገቡት ሊቃጠል ይችላል። በመሃል ገብቶ ቮልቱን የሚቀንስ ትንሽ አዳፕተር ያስፈልጋል። እሱ ዘንድ የለም። የቺፑን ቁጥር አይተህ ዳታሺቱን፣ የአምራቹን መግለጫ፣ ፈልግ ብለው፣ "ካወቅክ ለምን መጣህ?" ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ፊት! ላፕቶፔን ይዤ ልወጣ ስል ደግሞ የመፍቻ ብሎ ተቀበለኝ። ምንም ሳይሠራ። ሌላው ቤት ባሰ፤ ሳይከፍተው "ማዘርቦርድ ይቀየር" አለ።

መጨረሻ ላይ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። አዳፕተሩ ነበራቸው። መጀመሪያ ባትሪውን ነቀሉ። ከዚያ የፕሮግራመሩን ክሊፕ ቺፑ ላይ አስይዘው ሁለቴ አንብበው ፋይሎቹን አስተያዩ። አልተመሳሰሉም። "ክሊፑ አልያዘም ማለት ነው" ብለው የቺፑን እግሮች አጽድተው እንደገና አነበቡ። ሲመሳሰል ብቻ ነው የኔን ኮፒ የጻፉት። ካርዱ ተመለሰ፣ ኤችዲኤምአዩም። የጠየቁኝ ፒያሳ ለመፍቻ ከከፈልኩት ያነሰ ነው።

አሁን 80 ዋት ላይ ነኝ። አፍተርበርነር በተባለ ፕሮግራም የካርዱን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጌዋለሁ። በዚያው 80 ዋት ካርዱ ከበፊቱ በላይ ይፈጥናል። አምራቾች ይህንንም አትንኩ ይላሉ፤ እኔ ግን ከዚህ ጀምሩ ነው የምለው፣ ቢበዛ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ሪስታርት አድርጎ ማስተካከል ነው።

ኤችዲኤምአይ የማያስፈልገውና ዋቱን ካላነሳሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ገልብጦ ያንብብ። ቮልቱን በአምፒሩ ያባዛ። 20 ቮልት በ8.5 አምፒር 170 ዋት ነው፤ ከሱ ላይ ፕሮሰሰሩም፣ ስክሪኑም፣ ፋኑም ይበላሉ።