የቅጠል ጀርባ ማንበብ፦ የብርቱካን ተባዮችና ጠላቶቻቸው፣ ከመርሳ

ሰሜን ወሎ፣ መርሳ ከተማ ባለው ጓሯችን ጥቂት ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ አሉን። ዘንድሮ የተያያዝኩት ከተባዮቹ አልፎ ተባዮቹን የሚበሉትን ማወቅ ነው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ መድኃኒት ለመርጨት ለተዘጋጃችሁ።

የቀንበጥ ጭማቂ በሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ በክሽክሽ ጀምሩ፤ ለዓይን ይቀላል። ለጋ ቀንበጥ ላይ ከሰፈረው መንጋ መሃል ያበጡ፣ የማይነቃነቁ፣ ገለባ ቀለም ያላቸው ይገኛሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ጠርዙ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ አለ። የአፊዲየስ ወገን የሆነች ጥቃቅን ጥገኛ ተርብ ሆዷን በእግሮቿ መሃል ወደፊት አጥፋ ክሽክሹን ትወጋና እንቁላል ትጥልበታለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል (እጭ) ከውስጥ ይበላዋል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ያደገችው ተርብ ክብ ክዳን ቆርጣ ትወጣለች። ገና ያልተቀደዱትን ከነቅጠላቸው ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩት። ተርቦቹ ሲወጡ ብርሃን ባለበት በኩል ተሰበሰቡ፤ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ የተሸራረፈ ከሆነ ግን የወጣችው ተርቧን ራሷን የምትበላ ሌላ ጥገኛ ልትሆን ትችላለች።

ብርቱካኑን ያሰቃየው ሱፍ መሳዩ ነጭ ዝንብ ነው። የቅጠሉን ጀርባ በነጭ ክር ይሸፍነዋል፤ ከሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። የእሱ ጠላት ካሌስ ኖአኪ የምትባል፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ የደቡብ አሜሪካ ተርብ ናት። ክሩን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ አድርጋችሁ ባዶውን ቆዳ እዩ። ነጭ ዝንቡ ራሱ ሲወጣ ቆዳውን ሰንጥቆ ነው፤ ተርብ ከወጣችበት ግን ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ክብ ቀዳዳው በዝቶ ካያችሁ፣ እባካችሁ መርጫውን አስቀምጡት። ማላታይን የሚባለው ፀረ-ተባይ መድኃኒት ተርቦቹንም ይፈጃል፣ ከዚያ ተባዩ ያለ ጠላት ይራባል።

ፍሬው ላይ ለሚለጠፈው ቀይ ቅርፊታም ተባይ ደግሞ አፊቲስ የምትባል ጥገኛ ተርብ አለች። ካሊፎርኒያ አፊቲስ ሜሊነስን እ.ኤ.አ. በ1956 እና 1957 ከህንድና ከፓኪስታን አስመጥታ ነው የተጠቀመችው።

ጉንዳንን አትናቁት። ለጣፋጩ ፈሳሽ ብሎ ተባዩን ይጠብቃል፣ ተርቦቹን ያባርራል። ግንዱን በላስቲክ ጠምጥሜ ላስቲኩ ላይ ግራሶ ቀባሁ፤ ልጡን ስለሚጎዳ በቀጥታ ግንዱ ላይ አይቀባም። ግድግዳና መሬት የሚነኩትንም ቅርንጫፎች ቆረጥኩ፤ ካልሆነ በዚያ ይሻገራል። ጎረቤታችን ያሉ እናት «ልጄ፣ ዛፉን ምን አሞት ነው ያሰርከው?» ብለው ጠይቀውኝ ሳስረዳቸው የእሳቸውንም ሎሚ አብረን ጠመጠምን። መንገድ ዳር ያላችሁ ቅጠሉን በውሃ እጠቡት፤ አቧራ ተርቦቹን ሥራ ያስፈታል።

አሁን የምከታተለው ቅጠሉ ላይ እብጠት የሚያወጣውን፣ ትሪዮዛ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ነው። ታማሪክሲያ ድራዪ የምትባል ተርብ ሬዩኒየን ደሴት ላይ ጨርሳ አጥፍታዋለች። ይህ ተባይ ግን ዛፉን የሚያደርቀውን የግሪኒንግ በሽታ ስለሚያስተላልፍ፣ ቢጫ የተዥጎረጎረ ቅጠል ካየሁ ተርብ አልጠብቅም፤ ወዲያው የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ እጠራለሁ።