ድዴ፣ ብሬሴ እና የእማዬ ነጭ ሽንኩርት

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን ቦርሼ ስተፋ አረፋው ሮዝ ሆኖ ወጣ። ከታች የፊት ጥርሶቼ ስር ያለው ድዴ አብጦ ቀልቷል። ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ያሰረ ያውቀዋል።

እማዬ ወዲያው "ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ ያዥበት" አለችኝ። ስወድሽ እማ፤ ግን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ያቆስላል። በጨው ተስማማን። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ 30 ሰከንድ ያህል መጉመጥመጥ፣ መትፋት። ያስታግሳል እንጂ ቆሻሻውን አያነሳም።

ዋናው ሥራ የብሩሹ ነው። ደማ ብሎ መቦረሽ መተው ያባብሰዋል፤ ድዱን የሚያስቆጣው ጥርስና ድድ መገናኛው ላይ የሚለጠፈው ቆሻሻ ነዋ! ለስላሳ ብሩሼን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ፣ በቀስታ። ከዚያ ያቺን የገና ዛፍ የመሰለች ትንሽ ብሩሽ ከሽቦው ስር አስገብቼ ወዲህ ወዲያ። ምን እንዳወጣሁ አትጠይቁኝ። እሺ፣ የትናንት ምስር ነው።

መፋቂያዬ ለጊዜው ጡረታ ወጥታለች፤ ከሽቦ ጋር አትስማማም። ቆሎም ብረቱን ስለሚነቅል ቀርቷል። አንጀቴን የሚበላኝ የቆሎው ነገር ነው።

በአንድ ሁለት ሳምንት ካልቀነሰ፣ ወይ መግል ከያዘ፣ ወደ ሐኪም ነኝ። የደነደነ ቆሻሻ በቤት ብሩሽ አይለቅም፤ ክሊኒክ ነው የሚፋቀው።

ብሬስ ያላችሁ፣ ሥራ ቦታ ከምሳ በኋላ የት ነው የምትቦርሹት? እኔ የቢሮ መታጠቢያ ላይ ሰው ሲያፈጥብኝ ሰልችቶኛል።