የሚጥል በሽታ ላለበት ታዳጊ የቪዲዮ ስልጠና፦ ምን ይሠራል፣ የት ይበላሻል

ክኒኑን የሚረሳ፣ ደብተሩን ትምህርት ቤት ጥሎ የሚመጣ፣ «አጥና» ሲባል መጽሐፉን ገልጦ ሰዓቱን የሚፈጅ ልጅ ቤት ውስጥ ስሙ ሰነፍ ነው። የሚጥል በሽታ ካለበት ግን ከመቆጣት በፊት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማቀድ፣ ሥራ መጀመር፣ የተባለውን በሐሳብ ይዞ መቆየት፣ ራስን መግታት፦ እነዚህን በዋናነት የሚመራው የአንጎል የፊት ክፍል ነው። በሽታው ራሱ ይነካቸዋል፤ ሌሊት እየተነሳ የሚያቋርጠው እንቅልፍም እንዲሁ። አንዳንዴ ደግሞ መድኃኒቱ አለበት። ቶፒራሜት ቃል አፍ ላይ እንዲጠፋ ያደርጋል፣ እኛ አገር በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ያደነዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙን አነጋግሩ፦ የመድኃኒቱ መጠን ሊስተካከል ይችላል? ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ)ስ አብሮ አለ? የሚጥል በሽታ ካለባቸው ልጆች ከ3ቱ በአንዱ ገደማ ይገኛል። መድኃኒቱ በተቀየረ ሳምንት እነዚህን ችሎታዎች በቪዲዮ የሚያለማምድ ስልጠና ከተጀመረ ግን የመጣው ለውጥ ከየትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

አሜሪካ ውስጥ የሲንሲናቲ ሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች በታዳጊ ዕድሜ ላሉ ልጆች ያዘጋጁት ፕሮግራም ጥሩ አብነት ነው። ልጁ በድረ ገጽ የሚከታተላቸው 10 ክፍሎች አሉት፤ ከዚያ በተጨማሪ ከባለሙያ ጋር በየሳምንቱ በቪዲዮ ይነጋገራል። ቁም ነገሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ሥራ መጀመር የሚቸግረውን ልጅ ሊንክ ልኮ «በራስህ ጨርስ» ማለት የሚያመውን ቦታ መርገጥ ነው። አእምሮ ያሰላሉ ተብለው የሚሸጡ የስልክ ጨዋታዎችም ልጁን ጎበዝ የሚያደርጉት በዚያው በጨዋታው ነው፤ የቤት ሥራው ላይ ሲደርስ እዚያው ነው። ገንዘብ ባይወጣባቸው ይሻላል።

በቪዲዮው ጊዜ አሰልጣኙ አንድ ጥያቄ ጠይቆ በልቡ እስከ 10 ይቁጠር። ዝምታው እምቢታ ሳይሆን የመልሱ መዘግየት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውን በሌላ አባባል መድገም ደግሞ ልጁን ከዜሮ ያስጀምረዋል። መመሪያው አንድ በአንድ ይሰጥ፣ በቻት ሳጥኑም ይጻፍ። ከ45 ደቂቃ አይለፍ። በሽታው ከተነሳበት ማግስት ያለው ቀጠሮ ይራዘም።

በሳምንት አንድ ችግር ብቻ ይያዛል፤ የሚመርጠውም ልጁ ነው። የጠዋቱን ክኒን እንውሰድ። «አልረሳም» ግብ አይደለም፤ «ከሰኞ እስከ ዓርብ 1 ሰዓት ላይ እወስዳለሁ» ግብ ነው። ቀጥሎ ልጁ መፍትሔ ይደርድር፣ የማይረባውም ይጻፍ። አንዱን ይመርጣል፣ ሳምንቱን ይሞክረዋል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይታያል። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚመርጡት የስልክ አላርም ነው፤ አላርሙም በሦስተኛው ቀን ይከሽፋል። ለምን? ስልኩ ትራስ ሥር ነው፣ ክኒኑ ኩሽና። አላርሙን አጥፍቶ እስኪነሳ ድረስ ነገሩ ከሐሳቡ ይወጣል። ባለ 7 ክፍሉ የክኒን ሳጥን ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ይቀመጥ፣ ስልኩም ሌሊቱን እዚያው ቻርጅ ይደረግ። አላርሙን ለማጥፋት የሄደው እጅ ሳጥኑ ላይ ያርፋል። ስልኩ ከመኝታ ቤት መውጣቱ እንቅልፉንም ይጠብቃል፤ እንቅልፍ ማጣትና የተዘለለ መድኃኒት በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ ናቸው። ሳጥኑን እሁድ ማታ ልጁ ራሱ ይሙላ፣ ወላጅ ያረጋግጥ።

ለቤት ሥራም መንገዱ ያው ነው። «የባዮሎጂ ሪፖርት» ብሎ ካሌንደር ላይ መጻፍ ብዙም አይረዳም። «ርዕሱን መጻፍና ሦስት ጥያቄ ማውጣት» 10 ደቂቃ የሚፈጅ መነሻ ነው። ልጁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ይገምት፣ ሲጨርስ የፈጀውን ከጎኑ ይጻፍ። ግምቱ መጀመሪያ አካባቢ በእጅጉ ያንሳል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም ምክር በላይ ያስተምራል።

ስልጠናውን በብዛት የሚያበላሸው ወላጅ ከካሜራው አጠገብ ተቀምጦ ሲመልስ ነው። በፍቅር ነው፣ ይገባናል። ግን እናት የምታስታውሰውን ልጅ የሚያስታውስበት ምክንያት የለውም። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች የወላጅ ይሁኑ፣ ያም ልጁ ባለበት።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት አሰልጣኙ የቤቱን አድራሻና የሁለት አዋቂዎች ስልክ ይያዝ። ሌላ ትልቅ ሰው ቤት ይኑር፣ የክፍሉ በር አይቆለፍ። በቪዲዮው መካከል ቢነሳበት አሰልጣኙ ሰዓት ይያዝ፣ ቤት ላለው ሰውም ይደውል፦ በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የሚያቆመው ነገር የለም። 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ትምህርት ቤቱን «504 ፕላን»፣ ማለትም የጤና ችግር ላለበት ተማሪ ነገሮች የሚመቻቹበትን ዕቅድ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ በጽሑፍ የሚሰጥ መመሪያ፣ በሽታው ከተነሳ በኋላ የማረፊያ ጊዜ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ ልጁ ራሱ ለእናንተ አስተርጓሚ ሆኖ እንዳይቀመጥ ቀጠሮው ሲያዝ አሳስቡ።