ጀ ጅ ጁጁ

ክረምት ላይ ልጄን ይዤ ከጀርመን ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ሄጄ ነበር፣ የዛን አገር ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ አንዴ ከያዘ መውጣት የለም፣ መብራት ደሞ ሲጠፋ ዋይፋይ ምናምን አብሮ ይሄዳል፣ በቃ ልጆቹ ጀሪካን መደብደብ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ነገሩ የሙዚቃ ባንድ ሆነ፤ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከበሮ፣ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች በማንኪያ፣ ለቡሄ የተገመደው ጅራፍ ደሞ በረንዳ ላይ (ጎረቤት ይቅር ይበለን)።

ችግሩ ማታ ያሳመሩትን ጠዋት ይረሱታል። በስልክ እንዳይቀዱት ቻርጅ የለም። ልጄ እዛ ትምህርት ቤት ኖታ ስለጀመረች አምስት መስመር አሰመረችና ጀሪካኑን የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት። የፈረንጅ ኖታም'ኮ ለድራም ሲሆን መስመሩ የትኛው ከበሮ እንደሚመታ ነው የሚናገረው እንጂ የድምፁን ቅጥነት አይደለም፣ ግን እሱን ለማስረዳት ስታገል የእህቴ ትልቁ ልጅ «ጋሼ፣ ለምን በፊደል አንጽፈውም?» አለኝ።

ጀ ጀሪካን ነው። ግዕዙ ጀ መሃሉን በመዳፍ፣ ካዕቡ ጁ ጠርዙን በጣት፣ ጂ እጀታውን በማንኪያ። ሳድሱ ጅ ደሞ መትተህ እጅህን እላዩ ላይ ታስቀራለህ፣ ድምፁ እዛው እፍን ይላል፣ ፊደሉን ራሱን ስትጠራውም እፍን ነው የሚለው። ስለዚህ ሳትመታውም በአፍህ ታነበዋለህ፦ ጀ ጅ ጁጁ፣ ጀ ጅ ጁጁ። ሁለት ነጥቡን ፡ አንድ ምት ዝም በል አደረጉት፣ በታይፕ ማንም ስለማይጠቀምበት ሥራ ፈትቶ ነበር። ጅራፉም ጀ ልሁን ብሎ ጭቅጭቅ ተነሳና ጧ ተባለ፣ ድምፁ ጧ አይደል።

ጠርሙሶቹ ናቸው ያስቸገሩን። አምስት ጠርሙስ፣ ከጠ እስከ ጤ፣ በባቲ ቅኝት በጆሮ ቃኘናቸው፣ የውሃውን ልክ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግንበት፣ እህቴ ግን ምልክት አይታ ነው እንዴ፣ ባቲን እንዳለ ጀበና ውስጥ ገልብጣ ቡና አፈላችበት። ጦ ደሞ በአፍ መንፋት ነው፣ እዚህ ጋ ነገሩ ይገለበጣል፤ ስትመታው ውሃ የበዛበት ይወፍራል፣ ስትነፋው ውሃ የበዛበት ይቀጥናል፣ ምክንያቱም ስትመታ የሚንቀጠቀጠው ብርጭቆውና ውሃው ነው፣ ስትነፋ ግን ከላይ የቀረችው አየር ናት። ታዲያ ጦ ብቻ ተጽፎ የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

አባባ ልጅ ሆነው ድጓ ቤት (የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚማሩበት) ገብተው ነበር። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ «ከላዩ ላይ ትንሽ ፊደል ጣሉበት» አሏቸው። ድጓ ላይ'ኮ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፈው እሱ ነው፣ ከሚታወቅ ዜማ የተቆረጠች ፊደል ናት፣ ዜማውን በቃሉ የያዘ ሰው እሷን ሲያይ ይመጣለታል። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት የሚባሉት ምልክቶችም አሉ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ነው የሚነገረው። ልጆቹ ጦ ላይ ትንሽዬ ጢ ደረቡና ተገላገልን፣ አባባም ድፋትን ጨመሩላቸው፣ እሷ ስትመጣ ቀስ አርገህ ነው የምትመታው።

አሁን ጀርመን ተመልሰናል። በቴሌግራም አብረን እንጫወት ብለን ሞክረን ነበር፣ ድምፁ እየዘገየ እነሱ ጨርሰው እኛ ገና ጀ ላይ ነን፣ ስለዚህ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይልካሉ እኛ በራሳችን ጊዜ እናነባለን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ከሆነ ማለት ነው፣ እዚህ ከዛ በኋላ ጀሪካን ብትነካ ከታች ያሉት ሴትዮ በር ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ተማሪ ስላት ሆዴን አመመኝ ትል የነበረች ልጅ ጂ እና ጃን ከለየች በኋላ ስሳሳት እኔን ማረም ጀምራለች።

ባለፈው የላኩት ላይ ቸ የምትል አዲስ ፊደል አለች። ምንድነው ስላቸው ቸርኬ ነው አሉኝ። እኔ እዚህ ቸርኬ ከየት ላምጣ፣ ልጄ ግን ሳይክሌን ፍታልኝ እያለች ነው።